ሁለት ቤት ከዘጋን በኋላ ከማዘር ትሬዛ ሲስተሮች የተማርኩት

ይህን የምጽፈው የአረጋውያን ወይም የሕሙማን መጠለያ ለመክፈት ለምታስቡ ሰዎች ነው። ከፍታችሁ ደግሞ «ሌላ ከተማም እንሂድ» የሚል ሐሳብ ለመጣላችሁ። እኛ ሦስት ቤት ከፍተን ሁለቱን ዘግተናል። በዚህ መሃል የተጎዱ ሰዎች አሉ። እናንተ ቤት ውስጥ ያ እንዳይደገም ነው ምኞቴ።

በ2006 ዓ.ም. ሰባት ጓደኛሞች ነበርን። እቁብ እንጥላለን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እንጠጣለን። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አጥሩ ሥር የተኙ አባት አየን። በየሳምንቱ እናያቸው ነበር። ያን ቀን ግን አንዷ ጓደኛችን ቆመች። እሷ ስለቆመች ሁላችንም ቆምን። እግራቸው አብጦ ጫማ አይገባም። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፣ ታከሙ፣ ከዚያ የት ይደሩ? ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። በሦስት ወር ውስጥ ዘጠኝ ሰው ሆኑ።

ያ የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። ተራ ገብተን እናድራለን። አጥሚቱን የምናፈላው እኛ፣ ልብሱን የምናጥበው እኛ። የትኛው አባት በቀኝ ጎኑ ካልተኛ እንቅልፍ እንደማይወስደው እናውቃለን። የትኛዋ እናት ማታ ማታ የሞተ ልጇን እንደምትጠራም እናውቃለን።

ከዚያ አንድ ወጣት ቪዲዮ ቀርጾ ፌስቡክ ላይ ለቀቀልን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስልኬ እረፍት አጣ። ከአሜሪካ፣ ከዱባይ፣ ከእስራኤል ይደወላል። «እኛ ከተማም ክፈቱ» የሚል ሰው በዛ። አንዱ አዳማ ላይ ለአንድ ዓመት በነጻ ቤት ሰጠን። ሌላው የሀዋሳውን ቤት ወጪ ለሦስት ዓመት እችላለሁ አለ። እግዚአብሔር በሩን ከፈተልን ብለን ገባን። በአስራ አራት ወር ውስጥ ሦስት ቤት፣ አርባ ሁለት ሰው፣ አስራ ዘጠኝ ተቀጣሪ ሆንን።

የመጀመሪያው ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። ቤት ስናገኝ ሰው ያገኘን መሰለን። አዳዲሶቹ ሠራተኞች መጥፎ ሰዎች አልነበሩም። ግን ማንም ከእኛ ጋር አንድ ሌሊት አላደረም። ቁልፍ ሰጠናቸው፣ የወር ወጪ ላክንላቸው፣ በስልክ «ሁሉ ሰላም ነው?» እንላለን። «ሰላም ነው» ይሉናል።

አንድ ማክሰኞ ሳልናገር ሀዋሳ ሄድኩ። በር ላይ ሽታው ተቀበለኝ። የበረኪና ሽታ አይደለም፤ ሌላ ነው፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከጥግ ያለው አልጋ ላይ ስማቸውን የማልጽፈው እናት ተኝተዋል። ግማሽ ጎናቸው ሽባ ነው። ብርድ ልብሱ ንጹሕ፣ ፀጉራቸው የተበጠረ። ገልበጥ ሳደርጋቸው ከወገባቸው በታች ቁስል አየሁ። የቡና ሲኒ ያስገባል። አጥንት ይታያል። «ልጄ መጣሽ?» አሉኝ፣ ሌላ አልተናገሩም። የምትንከባከባቸው ልጅ አጠገቤ ቆማ ታለቅሳለች። «ማገላበጥ እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም» አለች። እውነቷን ነው። አልነገርናትም።

ሐኪም ቤት አስገባናቸው። በአርባ ቀናቸው አረፉ። እስከ ዛሬ ስማቸውን በጸሎቴ የማነሣው በይቅርታ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከታትሎ ወረደ። ሦስት ዓመት እችላለሁ ያለው ሰው በስምንተኛው ወር ሥራው ተበላሽቶ አቆመ። የአዳማው ቤት ዓመቱ ሲሞላ ባለቤቱ ፈለገው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቤት መዝጋት ነበረብን። ለአንዳንዶቹ ዘመድ አፈላለግን፣ አንዳንዶቹን ሌሎች ድርጅቶች ተቀበሉን። በጣም የታመሙ ሁለት ሰዎች ቀሩ። እኔ ያኔ ወርቄን ሸጫለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ግፊቴ ወጥቷል። ከሰባታችን ሦስቱ ተቀያይመው አይነጋገሩም። አንዷ «ስድስት ኪሎ ማዘር ትሬዛ እንጠይቅ» አለች።

ጠየቅን። ተቀበሉን።

ሰዎቻችንን ለመጠየቅ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። ዝም ብሎ መቀመጥ ስለከበደኝ ልብስ ማጠብ ላይ ገባሁ። ትልልቅ ሳፋዎች፣ ኦሞ፣ የማያልቅ አንሶላ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ማንም ስለ ሃይማኖቴ አልጠየቀኝም። አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ሲስተር ነበሩ፣ ህንድ ያደጉ፣ አማርኛቸው ሰባራ ግን ደፋር። ገላ ስናጥብ በሽተኛን እንዴት እንደሚገለብጡ አሳዩኝ። አንሶላውን ለሁለት ያጥፉና ከሰውየው ጀርባ ሥር ያስገቡታል። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ጠርዙን ይይዛል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይሉና እሱን ሳይጎትቱ አንሶላውን ያነሣሉ። ቆዳው ከፍራሹ ጋር አይፋተግም። ሰውየው ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ ጎኑን ቀየረ። እኔ ስንት ዓመት ሰው ስጎትት ኖሬያለሁ።

ሳሪያቸው ነጭ ነው፣ ሦስት ሰማያዊ መስመር ያለው። ጠርዙ ላይ በክር የተጠገነ ቦታ ነበረው፣ ስፌቱ ደቃቅ። ኮልካታ አጠገብ ቲታጋር በሚባል ቦታ የሥጋ ደዌ ሕሙማን እንደሚሸምኑት ነገሩኝ። ስድስት ኪሎ የሚለበሰውም፣ ሮም የሚለበሰውም ከዚያው ነው። አንድ ቀን እጃችን ውሃ ውስጥ እያለ ጠየቅኋቸው። «ሲስተር፣ እኛ ሦስት ቤት አቃተን። እናንተ ዓለምን እንዴት ሞላችሁት?» ትንሽ አሰቡና አንድ ቃል መለሱልኝ። «ቆይተን።»

አማርኛቸው አጥሯቸው ይሁን አስበውበት አላውቅም። ግን ያ ቃል አልለቀቀኝም። ቆየ ማለት ጠበቀ ነው፤ ቆየ ማለት ሳይሄድ ቀረም ነው። የማኅበሩን ታሪክ መፈለግ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። (ስለ እነሱ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማዘር ትሬዛ በ1910 ስኮፕዬ የተወለዱ አልባኒያዊት ናቸው። ሎሬቶ በሚባለው የካቶሊክ አስተማሪ መነኮሳት ማኅበር ገብተው ህንድ የደረሱት በ1929 ነው። ኮልካታ ውስጥ ለዓመታት አስተምረዋል። ከድሆች ጋር የመኖር ጥሪው የመጣላቸው በመስከረም 1946 ወደ ዳርጂሊንግ በሚሄድ ባቡር ላይ ነው። እኔ ብሆን በማግሥቱ እወጣ ነበር። እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ እስኪመጣ ሁለት ዓመት ገደማ ጠበቁ። ነሐሴ 1948 ገዳሙን ለቀው ሲወጡም በቀጥታ ወደ ድሆች ሰፈር አልሄዱም። ፓትና ወደሚባል ከተማ፣ የሕክምና ሚሲዮን እህቶች ዘንድ ሄደው መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ ተማሩ። አስቡት፣ ዕድሜያቸው 38 ነው፣ ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ሄደው ተማሪ ሆኑ። የእኛዋን የሀዋሳ ልጅ ያኔ አስታወስኳት።

እዚያው ፓትና ሌላም ነገር ተማሩ። ማዘር ትሬዛ እሳቸውና ተከታዮቻቸው ሩዝና ጨው ብቻ እየበሉ እንዲኖሩ አስበው ነበር። የሕክምና እህቶቹ አይሆንም አሏቸው። እንደዚያ ከበላችሁ ታማችሁ ትወድቃላችሁ፣ ድሆቹን ማን ያነሣል? ተቀበሉ። የማኅበሩ ምግብ ቀላል ነው ግን ይበላል፣ እንቅልፍም ሥርዓት አለው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ የውጭ ሥራ ትተው ለጸሎትና ለቤታቸው ይሰጣሉ። እኔ ምሳ መዝለልን እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር። እባካችሁ ብሉ፣ ተኙ፣ የእረፍት ቀን ይኑራችሁ። የደከመ ሰው መጀመሪያ የሚቆጣው በሽተኛውን ነው። በራሴ አይቼዋለሁ።

የመጀመሪያዋ ተከታይ መጋቢት 1949 መጣች፤ የቀድሞ ተማሪያቸው ናት። ከእሷ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ እሳቸው ያስተማሯቸው ልጆች ናቸው። ጥቅምት 7 ቀን 1950 ማኅበሩ፣ ሚሽነሪስ ኦፍ ቻሪቲ፣ ሲፈቀድ አስራ ሁለት ገደማ ነበሩ። በ1952 ካሊጋት ላይ መንገድ ላይ ለሚሞቱ ሰዎች ቤት ከፈቱ፣ ትንሽ ቆይቶ የሕፃናት ቤት፣ ከዚያ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ከተማ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሕግ አዲስ ማኅበር ለአስር ዓመት ከሀገረ ስብከቱ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። ማዘር ትሬዛ ቀደም ብለው ለመውጣት ጓጉተው ነበር፣ ሊቀ ጳጳሱ ግን ሕጉን አጠበቁ። ከኮልካታ ውጪ ወደ ሌሎች የህንድ ከተሞች፣ ወደ ራንቺ፣ ወደ ዴልሂ መውጣት የጀመሩት አስሩ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ነው።

ይህን ስረዳ አለቀስኩ። እኛን «ቆዩ» የሚለን ሽማግሌ አልነበረንም። ቢኖርም አንሰማም ነበር። አሁን ምክሬ ይህ ነው፤ ሥራችሁ ውስጥ የሌለ፣ ገንዘብ የማይሰጣችሁ፣ የምታከብሩት አንድ ሰው «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ስጡት። በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ።

ከህንድ የወጡት በ1965 ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ ማኅበሩን በቀጥታ በሮም ሥር አደረጉት። ሐምሌ ላይ አምስት እህቶች ይዘው ቬኔዝዌላ፣ ኮኮሮቴ በምትባል ቦታ ቤት ከፈቱ። ከተመሠረቱ አስራ አምስተኛ ዓመታቸው መሆኑ ነው። በ1968 ሮምና ታንዛኒያ ሄዱ። ኒው ዮርክ ብሮንክስ በ1971 ገቡ። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ያስደንቃል። ማዘር ትሬዛ መስከረም 1997 ሲያርፉ ወደ 4,000 የሚጠጉ እህቶች በ120 በሚሆኑ አገሮች ነበሩ። ዛሬ ከ5,000 በላይ ናቸው። ሥሩ አስራ አምስት ዓመት መሬት ውስጥ ነው የሠራው።

አዲስ አበባ የመጡት በ1973 ነው። ማዘር ትሬዛ አፄ ኃይለ ሥላሴን ለማግኘት በሄዱ ጊዜ ከመንግሥት ምን እንደሚፈልጉ ተጠይቀው፣ ምንም እንደማይፈልጉ፣ እህቶቻቸው ድሆችን እንዲያገለግሉ ብቻ ፈቃድ እንደሚለምኑ መልሰዋል ይባላል። በዚያው ዓመት ጋዛና የመን፣ ሆዴይዳም ገብተዋል። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ሳይዞር አብዮት ፈነዳ። ሥርዓት ተለወጠ፣ የ77ቱ ረሃብ መጣ፣ ሌላ ሥርዓት መጣ። እነሱ ስድስት ኪሎ አሉ። መቆየት ይህም ነው።

ግን አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። እነሱም ዘግተው ያውቃሉ። በ1971 ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ቤት ከፍተው በ1973 ለቀው ወጥተዋል። ይህን ሳውቅ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። እኛ መዝጋትን እንደ ውርደት ስለቆጠርነው ሦስት ወር ዘገየን። በዚያ ሦስት ወር ነው ብዙው ጉዳት የደረሰው። ቤት ስትከፍቱ የምትዘጉበትንም ቀድማችሁ ጻፉ፤ ገንዘቡ ስንት ወር ሲቀረው ትወስናላችሁ? እያንዳንዱ ሰው የት ይሄዳል? ማን ይሸኘዋል?

ሁሉንም እንደነሱ አድርጉ እያልኩ አይደለም። በ1994 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ የካሊጋትን ቤት ጎብኝተው ንጽሕናውንና ፍቅሩን አመስግነው፣ በቂ ምርመራና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አለመኖሩን ግን ነቅፈዋል። ይህ ወቀሳ ይገባኛል፤ እኛም በፍቅር ስም ያጎደልነው ሕክምና ነበር። ስለዚህ ቤታችሁን በሳምንት አንዴ የሚጎበኝ ነርስ ሳታገኙ የአልጋ ቁራኛ አትቀበሉ።

እስቲ ስለ አልጋ ቁስል የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ይህን ብቻ ወስዳችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። መገላበጥ የማይችልን ሰው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩ። ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ ሰዓቱንና ጎኑን ጻፉ፣ የቀየረው ሰው ይፈርም። ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ አድርጉ። ሲያጥቡት ወገቡን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን እዩ። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ስለዚህ በእጃችሁ ዳስሱ። ከሌላው ቦታ ሞቅ ወይም ጠንከር ያለ ከሆነ ተጀምሯል ማለት ነው። ያንን ቦታ አትሹት። ከዚያ ጎን አንሱትና ለነርሷ ደውሉ።

ስለ ሰው ደግሞ። አንዲት የማዘር ትሬዛ ሲስተር የመጨረሻ መሐላዋን እስክትፈጽም ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከንጽሕና፣ ከድህነትና ከመታዘዝ ሌላ አራተኛ መሐላ አላቸው፤ ከድሃም ድሃ የሆነውን በሙሉ ልብና በነጻ ማገልገል። እኛ በሦስት ቀን ነበር ሰው የምንቀጥረው። አሁን ማንም አዲስ ሠራተኛ ሦስት ወር ከአሮጌ ሠራተኛ ጋር ጥንድ ሆኖ ይሠራል። ሌሊትም ያድራል። ብቻውን ቁልፍ አይዝም።

ስለ ገንዘብ አጭር ነው የምለው። ማዘር ትሬዛ በስማቸው ገንዘብ እንዲሰበሰብ አይፈቅዱም ነበር። እኛ ያንን አንችልም፣ ኪራይ አለብን። ግን የስድስት ወር ወጪ ባንክ ሳይኖር አዲስ ሰው አንቀበልም። የአንድ ሰጪ ገንዘብ ከወጪያችን ሩብ እንዲያልፍ አንፈቅድም። ሒሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀሳል። ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝገቡ፣ በየዓመቱ ሒሳባችሁን አስመርምሩ። የአረጋውያንን ፊት ደግሞ ቪዲዮ ላይ አትልቀቁ። ያ ቪዲዮ ገንዘብ አምጥቶልናል። ግን የአንዱን አባት ልጅ ጎረቤቶቹ መሳለቂያ አደረጉት፣ ሊጠይቃቸው መምጣቱንም ተወ።

አንዳንዴ ልቤ ሲደክም የኤደኑን ቤት አስባለሁ። በፈረንጅ መጋቢት 4 ቀን 2016 ታጣቂዎች የመን፣ ኤደን ያለውን የሲስተሮቹን የአረጋውያን ቤት ገብተው አስራ ስድስት ሰው ገደሉ። አራቱ እህቶች ናቸው። ከተገደሉት ሠራተኞች ውስጥ ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችን ነበሩ። ጦርነቱን እያዩ፣ መውጣት እየቻሉ፣ ሽማግሌዎቹን ትተው አልሄዱም። ስማቸውን እዚህ አገር ብዙ ሰው አያነሣም። እኔ በየዓመቱ በዚያ ቀን ሻማ አበራለሁ።

ዛሬ አንድ ቤት ነው ያለን። አስራ አራት ሰው፣ ከዚያ አንጨምርም። ከተቀያየሙት ሦስት ጓደኞቻችን ሁለቱ ተመልሰዋል። ሦስተኛዋን በየበዓሉ ሄጄ እጠይቃለሁ። እኔም ቅዳሜ ጠዋት አሁንም ስድስት ኪሎ አጥባለሁ።

ባለፈው ዓመት ከደብረ ብርሃን አንድ ወጣት መጣ። ቤት አለኝ፣ ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች አሉኝ፣ በስማችሁ ልክፈት አለ። ዓይኑ ያኔ የእኛ ዓይን ነው። እምቢ አላልነውም። መጀመሪያ አንድ ዓመት ከእኛ ጋር ኑር አልነው። ቅር ብሎት ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ መጣ። አሁን አራተኛ ወሩ ነው። ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ በበሩ ቀዳዳ አየሁት። አንሶላውን ለሁለት አጥፎ ከአንድ አባት ጀርባ ሥር እያስገባ ነበር። ከወዲያ በኩል ያለችው ልጅ ጠርዙን ያዘች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን ጻፈ።